ሦስት ክፍል፣ የሁለት ክፍል ቆርቆሮ

እትዬ ሀሎ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣላቸው የሚያስታውስ የለም። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ እንደሰኩ ከኮረዳነት ወደ ጡረታ የተሻገሩ ሴት ናቸው። ከሥራ ከተሰናበቱም በኋላ በር ሲንኳኳ «ማነው?» ማለት ጠፍቷቸው «ሀሎ፣ ማንን ላገናኝዎ?» ይሉ ነበር። መጀመሪያ የሰፈሩ ልጆች ሳቁ፤ ቀጥሎ የልጆቹ እናቶች ሳቁ፤ በመጨረሻ እሳቸውም አብረው ስቀው ለስሙ እጃቸውን ሰጡ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ለጡረታ ደብተር ብቻ ቀረ።

ሆስፒታል የሚደውል ሰው ደልቶት አይደውልም። የሚያለቅስ አለ፣ የሚሳደብ አለ፣ ለምን እንደደወለ ራሱ የጠፋው አለ። እትዬ ሀሎ ለሁሉም ያችው ለስላሳ ድምፅ ነበረቻቸው። «አይዞዎት፣ መስመር ላይ ይቆዩኝ» ይሉና ጭንቀቱን ወደሚመለከተው ሰው ያሻግሩታል። የሚመለከተው አንዳንዴ ሐኪም ነው፣ አንዳንዴ ገንዘብ ያዥ ነው፣ አንዳንዴም የአስከሬን ክፍል ኃላፊ ነው። እሳቸው ግን ሥራቸው ማገናኘት እንጂ መወሰን ሆኖ አያውቅም። ቤታቸውም ሲገቡ ያው ነበር። እዚያ የሚመለከተው ባለቤታቸው ነበሩ።

ባለቤታቸው የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ። ከጋራዥ ሲመለሱ እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ግቢውን አንዴ ይዞሩታል። ከትልቁ ቤት ጀርባ፣ አንዲት ልጃቸው ገና ድክ ድክ ስትል በገዛ እጃቸው የሠሯቸው ሦስት የኪራይ ክፍሎች በአንድ ረድፍ ተደርድረዋል፤ ግንቡ ድንጋይ በጭቃ፣ ላዩ የሲሚንቶ ልስን፣ ክዳኑ ቆርቆሮ። ሰውየው አንድ ቀን ጣሪያው ላይ ወጥተው ቀዳዳ በካትራም ሲደፍኑ፣ አንድ ቀን የፍሳሽ መስመር ውስጥ ረጅም ሽቦ ሲሰዱ፣ ሌላ ቀን የረገፈ ልስን ሲመርጉ ይታያሉ። እትዬ ሀሎ ይህን እንደ ዓመል ነበር የሚቆጥሩት። «የሰው ባል ካርታ ይጫወታል፣ የእኔው ጣሪያ ላይ ይወጣል» እያሉ ለጎረቤት ያሟቸው ነበር።

ሰውየው በበጋ አረፉ። አልጋ ላይ እንኳ አልዋሉም፤ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው ያለፉት። ክረምቱ ሲገባ እትዬ ሀሎ አንድ ነገር ገባቸው። ያን ቤት አቁሞት የኖረው ግንቡ ሳይሆን ሰውየው ኖሯል።

መጀመሪያ የመጣው ልብስ ሰፊው ነው። በረድፉ መጀመሪያ ያለችውን ሰፋ ያለች ክፍል ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ይዟል፤ መኝታውም ሥራውም እዚያችው ውስጥ ነው። ዝገት የጠገበ ውኃ ከጣሪያው ተንጠባጥቦ የደንበኛ የሙሽራ ቀሚስ አበላሸበት። ቀሚሱን በሁለት እጁ ዘርግቶ፣ እንደታመመ ልጅ ታቅፎ፣ «እትዬ፣ የሰው አደራ ነው» አላቸው።

ሳምንት ሳይሞላ ነርሷ መጣች። የመካከለኛው ክፍል ተከራይ ናት፤ ብቻዋን ትኖራለች፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምላሷም እንደ እጇ የማይሰንፍ ልጅ። የጋራው መጸዳጃ ፍሳሽ መስመር በክፍሏ ጀርባ ያልፋል፤ እሱ ተደፍኖ ደጃፏ ላይ ገነፈለ። ሥራ ቦታዋ የምታሸተው እንደሚበቃት፣ ቤቷ ደግሞ ሌላ የሥራ ተራ ልትገባ እንደማትችል ነገረቻቸው። ቀጥላም ቁጣዋን ሳትጨርስ ከልብስ ሰፊው ሽቦ ተውሳ፣ ሱሪዋን ጠቅልላ፣ ሁለቱ ተጋግዘው ለጊዜው ከፈቱት።

ሦስተኛው ተከራይ ምንም አላሉም። ከዳር ያለችውን ክፍል የያዙት ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ የባለቤታቸው ወዳጅ፣ ከሁሉም ተከራይ ቀድመው የገቡ፣ አልጋና መጽሐፍ ብቻ ያላቸው ሰው። እትዬ ሀሎ የጣሪያውን ነገር ለማየት ሲገቡ ነው ጥጉ ላይ ከላይ እስከ ታች የወረደውን ስንጥቅ ያዩት። ጣት ያስገባል። መምህሩ ነፋስ እንዳይገባ በጋዜጣ ጠቅጥቀውታል።

«ምነው መምህር፣ ይሄን ያህል ሲሰነጠቅ አይነግሩኝም?»

«ወረፋው ረዘመብኛ።»

እትዬ ሀሎ ጋዜጣውን በጣታቸው ገፋ አድርገው ወደ ውስጥ መለሱት።

የነበራቸው ገንዘብ ባለቤታቸው ሲያርፉ ጋራዡ የሰጣቸው ነው፤ እሳቸው ከጡረታቸው እየቆነጠሩ ያስቀመጡትም ነበረበት። ለአንዱ ጥገና ይበቃል፤ ለሁለቱ አይበቃም፤ ለሦስቱማ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ምክሩ ግን ሞልቶ ፈሰሰ። ዋርሳቸው፣ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም፣ የቤት ደላላ ነው። የጓሮውን ተዪውና የግቢውን በርና የፊት ለፊቱን አጥር ቀለም አስቀቢ አላቸው። ሰው ቤት የሚከራየው በዓይኑ እንጂ በጣሪያው አይደለም ባይ ነው። የቀለም ናሙና ሁሉ ይዞ መጥቶ በሩ ላይ እያስጠጋ አሳያቸው። በሌላ ከተማ አራት ልጅ የምታሳድገው ልጃቸው ደግሞ በስልክ «እማዬ፣ ለምን ሸጠሽው እኔ ጋ አትመጪም?» አለቻቸው። እትዬ ሀሎ ልጃቸው ቤት አንድ ትርፍ አልጋ እንደሌለ ያውቃሉ። ልጅቷም እንደሚያውቁ ታውቃለች። ሁለቱም ስለ ትንሿ የልጅ ልጅ ጥርስ ማውራት ጀመሩ።

ጆሯቸው ሰው ለመስማት የተፈጠረ ነው፤ ያ ነው ያስቸገራቸው። ልብስ ሰፊውን ሲሰሙት እውነት አለው። ነርሷን ሲሰሟት እውነት አላት። ዋርሳቸውን እንኳ ሲሰሙት ትንሽ ትንሽ እውነት ይሸታል። ከሁሉም የከበዳቸው የመምህሩ ዝምታ ነው። በዚያ ሰሞን ምጣዱ ላይ ሽንኩርት እያረረ፣ ቧንቧው ተከፍቶ ባልዲው እየፈሰሰ፣ እሳቸው ቆመው ይገኙ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ጭንቀት ወደሚመለከተው ሲያሻግሩ ኖረው፣ ዛሬ የሚመለከተው ማነው ቢባል መስመሩ ዞሮ ዞሮ እሳቸው ጋ ያበቃል።

በመጨረሻ ነርሷ አንድ ግንበኛ አመጣችላቸው። ትንሽ የሚያነክስ፣ ንግግሩ ቁጥብ የሆነ ሰው ነው። ረድፉን ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ስንጥቁ ውስጥ ሚስማር ከቶ አወጣ፤ ፍሳሹን አየ፤ ከዚያ አንገቱን ወደ ላይ ቀና አደረገ።

«ከላይ ይጀመር፣ እትዬ። ውኃ ከላይ እየወረደ ታቹን ቢያሠሩት ገንዘብ መጣል ነው። ግንቡም ቢሆን አናቱ ከደረቀለት ዓመት ሁለት ዓመት ይታገሳል።»

እትዬ ሀሎ እፎይ አሉ። ነገሩ ልክ ነበር፤ ማንም ቢጠየቅ ያንኑ ይላል። ጣሪያ ለሦስቱም ጣሪያ ነው፤ ማንም አይቀየምም። ቆርቆሮ ታዘዘ። ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰሞን ግንበኛው ከአናጢ ጓደኛው ጋር መጣና ተከራዮቹ ዕቃቸውን ወደ ትልቁ ቤት በረንዳ አወጡ። የልብስ ሰፊው ልጆች የስፌት መኪናው ሥር ጎጆ ሠርተው ዋሉ። ያን ቀን ጠዋት ግቢው ውስጥ ደስታ ብጤ ነበር ማለት ይቻላል።

አሮጌው ቆርቆሮ ሲነቀል እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰባበረ። እሱስ ተጠብቆ ነበር። ከሥሩ ያለውን እንጨት ሲያዩ ግን አናጢው መዶሻውን አስቀመጠ። ግንበኛው ከመሰላሉ ወርዶ እትዬ ሀሎን ጠራቸውና የአንዱን እንጨት ቁራጭ እጃቸው ላይ አኖረላቸው። ከውጭ ሲያዩት ደህና እንጨት ነው። ክብደት ግን የለውም። በአውራ ጣታቸው ቢጫኑት ጣታቸው ስምጥ አለ፤ ከውስጡ እንደ ዱቄት ያለ ነገር መዳፋቸው ላይ ፈሰሰ።

«ምስጥ ነው» አለ ግንበኛው። «ከዳር እስከ ዳር በልቶታል። በዚህ ላይ ሚስማር አይመታም።»

ከድጡ ወደ ማጡ ይሉሃል ይኸ ነው። ጣሪያው ተከፍቷል፤ መልሶ መክደን የለም። ክረምቱ ደግሞ አላለቀም። እንጨቱ ካልተለወጠ ቆርቆሮው አይቆምም፤ እንጨቱ ከተለወጠ ደግሞ ለቆርቆሮ የተያዘው ገንዘብ ይነካል። ነጋዴው ካዘዙት ቆርቆሮ ሲሶውን መልሶ ወሰደላቸውና በልዋጩ እንጨት ተገዛ። ዋርሳቸው ይህን ሲሰማ አበድረኝ እንዳይሉት ፈርቶ ይመስላል፣ አንድ ሰሞን ከግቢው ጠፋ። እትዬ ሀሎም ሊጠይቁት አላሰቡም ነበር።

እንጨቱ በሦስቱም ክፍሎች ላይ ከተመታ በኋላ ግንበኛው ቆጥሮ መጣ። ያለው ቆርቆሮ ሁለት ክፍል ያለብሳል። መካከለኛዋ ክፍል ከሁለቱም ጋር ግድግዳ ስለምትጋራ ባዶዋን አትቀርም። የሚቀረው ከዳር ነው፤ ወይ የልብስ ሰፊው፣ ወይ የመምህሩ።

«የቱን እንተው?» አለ።

እትዬ ሀሎ አናጢውን አዩት፤ አናጢው ጫማውን አየ። ነርሷን አዩዋት። ያቺ ለሁሉ መልስ የማታጣ ልጅ የራሷ ክፍል ስለተረፈላት አፍራ ይሁን እንጃ፣ አቀርቅራ የእጇን ጥፍር ትልጥ ነበር። የልብስ ሰፊው ሚስት ትንሹን ልጇን አዝላ በሯ ላይ ቆማለች። ልጁን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዞረችው። የልብስ ሰፊው ቤተሰብ አምስት ነፍስ ነው፤ እንጀራውም እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ አንድ ናቸው። ሒሳቡ ለሕፃንም አይጠፋም። ግን አፋቸው «የመምህሩ ይቅር» ሊል አልቻለም፤ ባለቤታቸው ከመቃብር ተነስተው የሚሰሟቸው መሰላቸው። «እስኪ ትንሽ ልቆይ» አሉና ወደ ቤት ገብተው ወጥ ቤት ውስጥ ቆሙ።

እዚያ እያሉ ነው መምህሩ የመጡት። በሩን አንኳኩ፤ እትዬ ሀሎ ያንን የተለመደውን «ሀሎ» እንኳ አላሉም።

«የእኔን ይተዉት» አሉ መምህሩ። «ከተማ ጠርዝ ላይ የእህቴ ልጅ አለች። እስኪሸፈን ድረስ እሷ ጋ እሰነብታለሁ።»

እትዬ ሀሎ ሳሎናቸውን አቀረቡ። ሶፋው ይዘረጋል፣ መጋረጃ ይሰቀላል፣ መጽሐፋቸውም ቦታ አያጣም አሉ። ከልባቸው ነበር።

«በዚህ ዕድሜዬ ለሰፈሩ ወሬ ላቀብል?» አሉ መምህሩ ፈገግ ብለው። «ይልቅ እስከ ክረምቱ መውጫ ይጠብቁኝ።»

በማግስቱ አንድ ቦርሳና ጥቂት መጻሕፍት ይዘው ወጡ። አልጋቸውንና የቀሩትን መጻሕፍት ከግድግዳው ራቅ አድርገው፣ በላስቲክ ሸፍነው፣ በሩን ቆለፉት። እትዬ ሀሎ እስከ አስፋልቱ ሸኟቸው። ሚኒባሱ ሲመጣ ምን እንደሚሉ ጠፍቷቸው «ጣሪያው ሲያልቅ ራሴ እመጣለሁ» አሉ። ሲያልቅ በምን እንደሚያልቅ አያውቁም። መምህሩም አልጠየቁም።

ሁለቱ ክፍሎች አዲስ ቆርቆሮ ለበሱ፤ ፀሐይ ሲወጣ ያብረቀርቃሉ። ሦስተኛዋ ሸራ ተወጠረባት። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሸራው ውኃ ይቋጥርና ሆዱ ይወጣል፤ እትዬ ሀሎ ዣንጥላ ይዘው፣ ወንበር ላይ ቆመው፣ በመጥረጊያ እንጨት ከሥር እየገፉ ያፈሱታል። ውኃው ከአዲሱ ቆርቆሮ ተንደርድሮ ደግሞ እዚያው ሸራ ላይ ይወርዳል። ነርሷ ከሥራ ስትገባ ካገኘቻቸው ትቆጣቸዋለች፤ ወንበሩን ነጥቃ እሷ ትወጣለች። እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። አንድ ቀን ግን ነፋሱ የሸራውን አንድ ጫፍ ቀደደውና ከማለዳ ጀምሮ የዘነበው ሁሉ በግንቡ አናት ላይ ወረደ። ጭቃ መቼም ጭቃ ነው፤ ሲደርቅ ድንጋይ ይይዛል፣ ሲርስ ራሱንም አይይዝ።

ከቀትር በኋላ እትዬ ሀሎ ምስር እየለቀሙ ሳለ ትልቅ መኪና አሸዋ የደፋ የሚመስል ድምፅ ሰሙ። ሲወጡ የመምህሩ ክፍል የዳር ግንብ የለም። አልጋው በድንጋይ ተጭኖ ለሁለት ታጥፏል። በሩ ብቻ፣ እንደተቆለፈ፣ በመቃኑ ውስጥ ቆሟል።

ሰው አልተጎዳም። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «እንኳን ሰው አላገኘ» አላቸው። ልክ ነው፣ እንኳን አላገኘ። እሳቸው ግን ምስሩን የያዘውን ሰፌድ እንደታቀፉ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ቆዩ። ምን አጠፋሁ ብለው አሰቡ። ከላይ ይጀመር ተባለ፣ ከላይ ጀመሩ። ብዙው ነፍስ ይቅደም ተባለ፣ ብዙው ቀደመ። የቱ ጋ ተሳሳትኩ ብለው ቢፈልጉ የሚይዙት አጡ። ስህተት ቢያገኙ እንኳ ይቀላቸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ልብስ ሰፊው መጣ። ኮፍያውን አውልቆ ነበር፤ ዓይናቸውን ማየት አልቻለም። ሚስቱ እንቅልፍ እንዳጣች፣ ልጆቹ ግድግዳ ሥር እየተጫወቱ ሲያያቸው ልቡ እንደሚጠፋ፣ አንድ ዘመዱ ክፍል እንዳገኘለት ነገራቸው። የእሱ ግንብ አልተሰነጠቀም፤ እሱም ያውቃል። «ልጆች አሉኝ፣ እትዬ» አለ። እትዬ ሀሎ በዚያች በለመዷት ለስላሳ ድምፅ «አይዞህ ልጄ፣ ልክ ነህ» አሉት። የስፌት መኪናውን በጋሪ ሲያወጣ በሩን ገፍተው የያዙለት እሳቸው ናቸው። አዲሱ ቆርቆሮ ሥር ያለችው ክፍል ባዶዋን ቀረች። ዋርሳቸው ይህን ሲሰማ ብቅ አለ፤ በዚያ የፈረሰ ግንብ ላይ ተከራይ ማምጣት እንደማይቻል፣ ቀድሞ ቀለሙን ቢቀቡ ኖሮ ግን እንዲህ እንደማይሆን አስረድቶ ሄደ።

ከእሑዶቹ ባንዱ እትዬ ሀሎ መምህሩ ዘንድ ሄዱ። ነርሷ ከፍርስራሹ ውስጥ ካወጣቻቸው መጻሕፍት ደህናውን አንዱን መርጣ፣ ገጽ በገጽ አድርቃ፣ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጥታቸው ነበር። መንገድ ላይ የግንቡን መፍረስ የሚነግሩበትን ቃል አዘጋጁ፤ ደጁ ላይ ሲደርሱ አሰማመሩት።

የእህታቸው ልጅ ቤት ሁለት ክፍል ነው። መምህሩን ሳሎኑ ጥግ፣ ከአንድ መጋረጃ ጀርባ፣ ታጣፊ አልጋ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ልጆቹ ቴሌቪዥኑን ከፍ አድርገው ያያሉ። መምህሩ ከስተዋል፤ ጺማቸው ግን እንደ ወትሮው ተላጭቷል። በጣም ተደሰቱ። የነርሷን ደህንነት ጠየቁ፣ የልብስ ሰፊውን ልጆች በየተራ ጠየቁ። እትዬ ሀሎ ሁሉም ደህና ናቸው አሉ። መጽሐፉን ሰጧቸው። ገጾቹ አብጠው ሽፋኑ አልገጥም ብሏል። መምህሩ በሁለት መዳፋቸው መሀል አድርገው ጫን፣ ጫን አደረጉት።

«ትንሽ ረጥቧል» አሉ።

«ሸራው ያንጠባጥባል» አሉ እትዬ ሀሎ። ከየት እንደመጣላቸው አያውቁም።

«ገና ነው እንግዲህ።»

«ገና ነው።»

መምህሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው መሐረብ አወጡና ፈቱት፤ ውስጡ የክፍላቸው ቁልፍ ነበር። ልጆቹ እንዳይጥሉባቸው ከኪሳቸው እንደማይለዩት፣ ስለዚህ መለዋወጫ ማስቀረጽ እንደማያስፈልግ ነገሯቸውና መልሰው ቋጠሩት። «አልቸኩልም» አሉ። «እርስዎም እንዳይጨነቁ።» የግንቡ ነገር ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው፣ እትዬ ሀሎ እስከ ዛሬ አያውቁም። ሻይ መጣ፤ ጠጡ። የእህት ልጅ እስከ ደጅ ስትሸኛቸው ዝቅ ባለ ድምፅ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቀቻቸው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ቤቱ ጠቧት ነው። እትዬ ሀሎ በቅርቡ አሏት።

ግቢያቸው ሲመለሱ ግንበኛው በሩ ላይ ቆሞ አገኙት። ነርሷ ጠርታው ኖሯል። የነርሷን ግድግዳ በእንጨት ደግፎ አስተማምኖላታል፤ ለዚህ ገንዘብ አልጠይቅም አለ። መንገዱን የዘጋው ድንጋይ ግን ወዴት ይሁን፣ የሚገዛም ሰው አለ፣ ልሽጥልዎ ወይ አላቸው።

እትዬ ሀሎ ነጠላቸውን አስተካክለው ክምሩን ትንሽ አዩት።

«አይሸጥ» አሉ። «እዚያው ጥግ ደርድረው።»

ግንበኛው መቼ መልሶ እንደሚገነባ አልጠየቃቸውም። እጀታውን ሰብስቦ ድንጋዩን አንድ በአንድ ያነሳ ጀመር።